ልጃችሁ ከውጭ አገር ደውሎ «ልጠመቅ ነው» ቢላችሁ፦ የሞርሞን ሚስዮናውያን ሰውን ለጥምቀት የሚያዘጋጁት እንዴት ነው?

ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ክራባት ያሰሩ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ባጅ የለጠፉ፣ ሁልጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱ ወጣቶች። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ ወጥቶ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የገባ ሰው ዛሬ ባያገኛቸው ነገ ያገኛቸዋል። ፌርማታ ላይ ሰላም ይሉታል፤ ቤት ሲቀይር ዕቃ ያግዙታል፤ እሁድ ና ይሉታል። ጥቂት ሳምንት ያልፍና ስልክ ይደወላል፦ «እማዬ፣ ልጠመቅ ነው።» ክርስቲያኗ እናት «በአርባ ቀንህ ተጠምቀህ የለም ወይ?» ብላ ትደነግጣለች። የሙስሊሙ ቤት ድንጋጤ ደግሞ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ አንዱ አጎት ሼህ፣ ሌላኛው የሚካኤል ማኅበርተኛ የሆነበት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ሁለቱም ድንጋጤ አንድ ሳሎን ውስጥ ቢገናኝ አይገርምም።

ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ ውሃው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ጉዳይ ያለው ከውሃው በፊት ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው። ልጁ ምን እንደተማረ፣ ምን ቃል እንደገባ፣ ማን እንደጠየቀው፣ «ቆይ፣ ገና ነኝ» ማለት እንደሚችል ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህንን ለመጠየቅ ደግሞ አሠራሩን ማወቅ ይቀድማል።

ሰዎቹ እነማን ናቸው? በተለምዶ ሞርሞን ይባላሉ፤ እነሱ ግን ስያሜውን ብዙም አይወዱትም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሙሉ ስም የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1830 መሠረታት፤ ዋና መሥሪያ ቤቷ ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ዛሬ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሏት ትናገራለች። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን መጽሐፈ ሞርሞንን ቅዱስ መጽሐፍ አድርገው ይቀበላሉ፤ እሱም በአማርኛ ተተርጉሟል። ከአንድ ሚስት በላይ ማግባት እ.ኤ.አ. ከ1890 ወዲህ እንዲቆም ተደርጓል፤ ዛሬ ይህን የሚያደርግ አባል ይባረራል። አፍሪካዊ ትውልድ ያላቸው ወንዶች ክህነት እንዳይቀበሉ የሚከለክለው ሕግ የተነሣው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1978 ነው። ይህን ለጥምቀት የሚዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቢያውቀው እመርጣለሁ። ሚስዮናዊው በራሱ አንሥቶ ላይነግረው ይችላል፤ ከተጠየቀ ግን መመለስ አለበት።

አሁን ወደ ሚስዮናዊው እንምጣ። ብዙ ሰው የሰለጠነ ሰባኪ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ብዙውን ጊዜ ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጣ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ነው። ወንዶቹ ለሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ ለአንድ ዓመት ተኩል ያገለግላሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ እንዲያውም ወጪውን የሚሸፍኑት ራሳቸውና ቤተሰባቸው ናቸው። የት እንደሚሄድ አይመርጥም፤ ከሶልት ሌክ ሲቲ ጥሪ ይደርሰዋል፣ ብራዚል ከተባለ ብራዚል፣ ጋና ከተባለ ጋና። ጥቂት ሳምንት ማሠልጠኛ ገብቶ፣ ቋንቋውን እየተንተባተበ ይወጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ግድም ይነሣል፣ ያጠናል፣ ይጸልያል፣ ከዚያ እስከ ምሽት መንገድ ላይ ነው። ፊልም የለም፣ የፍቅር ጓደኛ የለም፣ ከጓዱ ተለይቶ ብቻውን መዋል የለም። ወደ ቤተሰቡ የሚደውለው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የመጣ ፈቃድ ነው፣ ከዚያ በፊት በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር።

ይህን የምዘረዝረው ወላጅ ሊያውቀው ስለሚገባ ነው። ልጃችሁን ለትልቅ ውሳኔ የሚያዘጋጀው ሰው ራሱ ከአገሩ የራቀ፣ የናፈቀ፣ ቀኑን ሙሉ በር ሲዘጋበት የዋለ ልጅ ነው። ሁለት እንግዶች ይገናኛሉ ማለት ነው፤ ወዳጅነቱ ቶሎ የሚጠነክረውም ለዚህ ይመስለኛል። ቅን ወዳጅነት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ነው። ግን ሚስዮናዊው በየሳምንቱ ስንት ሰው እንዳስተማረ፣ ስንት ሰው የጥምቀት ቀን እንደያዘ ለአለቆቹ ሪፖርት ያደርጋል። ወዳጅነቱና ሪፖርቱ በአንድ ኪስ ውስጥ ናቸው።

ለሴት ልጆች ቤተሰብ አንድ ነገር ልጨምር። በሕጋቸው ሁለት ወንድ ሚስዮናውያን ብቻዋን ያለች ሴት ቤት ገብተው ማስተማር አይፈቀድላቸውም። ሌላ አዋቂ ሰው አብሮ መኖር አለበት፤ ካልሆነም በሴት ሚስዮናውያን ትማራለች። ይህ ካልተከበረ ልጅቷ አይሆንም ማለት ትችላለች፤ ሕጉ ከእሷ ጋር ነው።

ትምህርቱ ረጅም አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። መጀመሪያ እግዚአብሔር በጆሴፍ ስሚዝ በኩል ቤተ ክርስቲያኑን መልሶ አቋቋመ የሚለው ይመጣል፤ ቀጥሎ ሰው ከየት መጣ፣ ከሞት በኋላስ ወዴት ይሄዳል የሚለው፤ ከዚያ እምነት፣ ንስሓ፣ ጥምቀትና መንፈስ ቅዱስ፤ በመጨረሻ ትእዛዛቱ። ሚስዮናዊው አስተምሮ ብቻ አይሄድም። በየትምህርቱ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ይህን ምዕራፍ ታነባለህ? እውነት እንደሆነ ጸልየህ እግዚአብሔርን ትጠይቃለህ? እሁድ ትመጣለህ? ቀጣዩ ቀጠሮ «አነበብክ ወይ?» በሚል ይጀምራል። የጥምቀት ግብዣውና ቀኑ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው ፈጥኖ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ላይ ሊነሣ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ልጃችሁ መረዳት ያለበት፦ የተያዘው ቀን ሊደረስበት የታሰበ ግብ እንጂ የተፈረመ ውል አይደለም። ሊገፋ ይችላል፣ ሊሰረዝም ይችላል። ሚስዮናውያኑም የሚያስተምሯቸው አብዛኞቹ ሰዎች መንገድ ላይ እንደሚቀሩ ያውቃሉ። ቀጠሮ ይዘው በር ሲያንኳኩ የሚከፍት የለም፤ ቅዳሜ ማታ «እመጣለሁ» ያለው እሁድ ጠዋት ስልኩ ዝግ ነው። ይህ ለእነሱ የየቀን ኑሮ ስለሆነ ልጃችሁ «ይቅርብኝ» ቢል የመጀመሪያው ሰው አይሆንም።

የወሎን ሰው በጣም የሚፈትነው ግን ከትእዛዛቱ አንዱ ነው፦ ቡና። እ.ኤ.አ. በ1833 ጆሴፍ ስሚዝ ተገለጠልኝ ባለው የጤና ሕግ አልኮል፣ ትምባሆና «ትኩስ መጠጦች» ተከለከሉ። ትኩስ የተባሉትም ቡናና የሻይ ቅጠል ናቸው ተብሎ ተተረጎመ። ስለዚህ ሞርሞን ሾርባ ይጠጣል፣ የፈላ ወተት ይጠጣል፤ ቡና ግን ቀዝቅዞ በበረዶም ቢመጣ አይነካም። መጀመሪያ እንደ ምክር ይታይ የነበረው ነገር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግዴታ ሆነ፤ ዛሬ ቡና አላቆምም ያለ ሰው አይጠመቅም።

ይህንን ለስዊድናዊ መንገርና ለወሎዬ መንገር አንድ አይደለም። እኛ ዘንድ ቡና ተጠጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ረከቦቱ ሲቀርብ ጎረቤት ይጠራል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ዱአ ይደረጋል፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ የመንደሩ ሸንጎ ነው። አንዳንዱ ቤት ያለ ቡና ዱአ አይጀመርም። እናት በእጇ ጀባ ያለችውን ስኒ መመለስ እናትን መመለስ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሚስዮናዊ ይህን አያውቀውም፤ ልጁ ራሱ ካልነገረው «ሱስ ነው፣ ቀስ በቀስ ትተወዋለህ» ይለዋል። እንግዲህ ቤተሰብ ይወቅ፦ የተከለከለው መጠጡ ነው። ቡና አፍልቶ ለሌላ ማቅረብ፣ ጭሱ ውስጥ መቀመጥ፣ ቡና ቁርሱን መብላት፣ መመረቅና ምርቃት መቀበል አልተከለከለም። የጦስኝ ወይም የዳማከሴ ውሃ በስኒ ቢቀዳለት ሕጉን አልጣሰም፤ የተቆላ ገብስ ፈልቶ መጠጣትም የተለመደ ነው፣ ገብስ ደግሞ ወሎ ላይ አይጠፋም። ልጃችሁ ለክረምት መጥቶ ስኒውን ቢመልስ ከእናንተ ጋር የተጣላ አድርጋችሁ አትዩት።

ጠላ፣ ጠጅና አረቄ በግልጽ የተከለከሉ ናቸው። ጫት በ1833ቱ ጽሑፍ ውስጥ በስሙ አልተጠቀሰም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ሱስ የሚያስይዝና የሚጎዳ ነገርን ሁሉ ስለምትከለክል እሱም ይገባበታል። ከሙስሊም ቤት የመጣ ልጅ አልኮሉን ለመተው አይቸገርም፤ ከኦርቶዶክስ ቤት የመጣው ደግሞ ጾሙ ቀለለልኝ ይል ይሆናል። ከዓመቱ ከግማሽ በላይ መጾም ለለመደ ሰው የእነሱ ጾም በወር አንድ ቀን ነው፦ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ሁለት ማዕድ መዝለል፣ የተረፈውን የምግብ ዋጋ ለድሃ መስጠት።

ይህ ጾም ከወሎ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ አለው፤ እዚህ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1977ቱ ድርቅ፣ የኮረም ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ (ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች)፣ የዚህች ቤተ ክርስቲያን መሪዎች በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባሎቻቸው እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1985 ለኢትዮጵያና ለሌሎች የተራቡ አገሮች እንዲጾሙ ጠየቁ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 19 ቀን 1977 መሆኑ ነው። በዚያ አንድ ቀን ከተዘለለ ማዕድ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሌላ ጾም ታወጀ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ሥራ የሰፋው ከዚህ ወዲህ ነው። ይህ ትምህርታቸውን እውነት ወይም ሐሰት አያደርገውም። ልጃችሁ የገባበትን ቤት ከሁለቱም ወገን እንድታዩት ግን ይረዳችኋል።

ከቡናው ሌላ ከገቢ አንድ አሥረኛ መስጠት፣ እሁድን ማክበር፣ ከጋብቻ ውጭ ካለ ግንኙነት መራቅ ግዴታ ናቸው። ያለ ጋብቻ አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ወይ በሕግ ይጋባሉ ወይ ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥምቀቱ። አንዳንዴ ከጥምቀቱ ይልቅ የሚስዮናውያኑን ጊዜ የሚፈጀው የጋብቻ ወረቀት ማስጨረስ ነው፤ ከስደተኛ ጋር ሲሆን ከአገር ቤት የልደት ካርድና ያላገባ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ወራት ይሄዳል። ሁለት ሚስት ያለው ሰው፣ በአገሩ ሕግ የተፈቀደለት ቢሆንም፣ አይጠመቅም። ይህን ለሚስዮናዊው ሳይናገሩ መቆየት ኋላ ላይ ያሳፍራል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ቃለ መጠይቅ አለ። የሂደቱ ሁሉ ወገብ ይህ ነው። የሚጠይቀው ያስተማረው ሚስዮናዊ አይደለም፤ ሌላ ኃላፊነት ያለው ሚስዮናዊ ነው። ለብቻ ይቀመጣሉ። በእግዚአብሔር አብና በኢየሱስ ክርስቶስ ታምናለህ? ጆሴፍ ስሚዝ ነቢይ ነበር ብለህ ታምናለህ? ንስሓ ማለት ላንተ ምንድን ነው? ከባድ ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ? አሁን በአመክሮ ላይ ነህ? በጽንስ ማስወረድ ተሳትፈህ ታውቃለህ? ትእዛዛቱን ተምረሃል፣ ልትጠብቃቸውስ ፈቃደኛ ነህ? እያለ ይቀጥላል። ከባድ ነገር ካለ ጉዳዩ ወደ ሚስዮን ፕሬዚዳንቱ፣ የአካባቢውን ሚስዮናውያን ወደሚመራው ሰው፣ ያልፋል። ልጃችሁ እንዲያውቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ ጠያቂው ሌላ ሰው የሆነው ከአስተማሪው ፊት ማለት ያፈረውን እንዲናገር ነው። «ስለ ቡናው ቃል የገባሁት እንዳላስቀይማቸው ነው» ወይም «ነቢይ ስለተባለው ገና አላመንኩም» የሚባልበት ቦታ እዚያ ነው። እኛ ይሉኝታ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ለደግ ሰው «አይ» ማለት ይከብደናል። ፈረንጁ ሚስዮናዊ ደግሞ ፈገግታን እንደ «እሺ» ይወስዳል።

ከስምንት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጠመቅም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ አይጠመቅም። ያገባ ሰው ያለ ትዳር አጋሩ ስምምነት አይጠመቅም። የእነዚህ ሕጎች ጥቅም በታሪክ ታይቷል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ የነበሩ ሚስዮናውያን ለጋ ወጣቶችን በቤዝቦል ጨዋታ እየሰበሰቡ በብዛት አጥምቀው ነበር፤ አንዳንዱ ልጅ የቡድኑ አባል ለመሆን እንጂ ለሌላ መጠመቁን አልተረዳም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ይህን ማስቆምና ከመዝገብ ስም መሰረዝ ግድ ሆነባት።

ወሎ ለዚህ ነገር ከማንም በላይ ጆሮ አለው። ከደሴ ጥቂት ወጣ ብላ ያለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ የጠሩባት ናት። ጉባኤው በኦርቶዶክስ ሊቃውንት መካከል ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረውን የሦስት ልደት ክርክር ዘጋ፤ ከዚያ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባለ፣ ክርስትና አባቱም ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንለው እሱ ነው። ሌላው እንቢ አለ፤ የወሎው ሙስሊም መሪ ሼህ ጦልሐ ሸፈተ፤ ሌላው ቀን ተጠምቆ ማታ ሰገደ። በትእዛዝ የተደረገ ጥምቀት ምን እንደሚመስል ቅድመ አያቶቻችን አይተውታል። ስለዚህ አንድ ወሎዬ «በፈቃድህ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ከታሪኩ እየጠየቀ ነው፤ ሚስዮናዊውም ይህን ጥያቄ እንደ ተቃውሞ ማየት የለበትም።

«ታዲያ የአርባ ቀኑ ጥምቀትስ?» መልሱ ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ መራራ ነው። እነሱ ከራሳቸው ክህነት ውጭ የተደረገን ጥምቀት አይቀበሉም፤ ሜሮን የተቀባም ቢሆን እንደገና ይጠመቃል። በተቃራኒው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ «አንዲት ጥምቀት» ብላ ስለምታምን ይህን ሁለተኛ ጥምቀት አድርጋ አትቆጥረውም፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2001 የሞርሞንን ጥምቀት እንደማትቀበል አስታውቃለች። ቃሉ «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም» ነው፤ ግን ሞርሞኖች ሦስቱን በዓላማ አንድ የሆኑ ሦስት የተለያዩ አካላት አድርገው ያስተምራሉ፣ ሥላሴ በባሕርይ አንድ ነው የሚለውን አይቀበሉም። ስለዚህ «ያው ክርስትና ነው» ብሎ ማለፍ ለሁለቱም ወገን ትክክል አይደለም።

የጥምቀቱ ቀን ራሱ አጭር ነው። ክርስትና አባት የለም፣ ክርስትና ስም የለም፣ ማተብ የለም። ተጠማቂው ነጭ ልብስ ለብሶ ወገብ ድረስ ውሃ ወዳለበት ገንዳ ይገባል፤ ገንዳ በሌለበት ወንዝ ወይም ባሕር ይሆናል። አጥማቂው ቀኝ እጁን አንሥቶ ሙሉ ስሙን ይጠራል፣ አጭር ቃል ይናገራል፣ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያጠልቀዋል። ሁለት ምስክሮች ዳር ቆመው ያያሉ፤ የልብሱ ጫፍ ወይም የእግሩ ጣት ከውሃው በላይ ከቀረ ይደገማል። መንፈስ ቅዱስን የመቀበሉ ሥርዓት፣ እጅ በመጫን፣ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው እሁድ ነው። ሥርዓቱ ለማንም ክፍት ነው፤ ዘመድ መጥቶ መቀመጥ ይችላል፣ ራቅ ያለም በቪዲዮ ሊያይ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ሳይዘጋጅበት የሚመጣ አንድ ስልክ አለ። አዲሱ አባል የትውልድ ሐረጉን እንዲሰበስብ ይበረታታል፤ ወሎዬ ደግሞ ሰባት ቤት መቁጠር አይከብደውም። «የአያቴ አባት ሙሉ ስሙ ማን ነበር? የት ተወለደ?» ይላል። ዓላማው ታሪክ ብቻ አይደለም። በቤተ መቅደሶቻቸው ውስጥ ሕያው ሰው ስለ ሞተ ዘመዱ ተወክሎ ይጠመቃል፤ ሟቹ በዚያኛው ዓለም ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል ብለው ያምናሉ። ዕድሜውን ሙሉ ቁርዓን ያስቀራ ቅድመ አያት ስሙ እዚያ መጠራቱ ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ ቄስ የነበረም እንደዚያው። በራሳቸው ሕግ፣ ሟቹ ባለፉት 110 ዓመታት ውስጥ የተወለደ ከሆነ ከቅርብ ዘመዱ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ ስሙን ከመስጠታችሁ በፊት «ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካልፈለጋችሁም አይሆንም በሉት።